ገቢ ያልሆነው ገንዘብ

ዌስትቼስተር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ለዓመታት ክፍል አጸዳሁ። ኢኮኖሚው ሲወድቅ እንግዳ ቀነሰ፤ እንግዳ ሲቀንስ እኛ ተቀነስን። አለቃችን ክፉ ሴት አልነበረችም። የመጨረሻውን ቼክ ስትሰጠን እያንዳንዳችንን አቅፋ ተሰናበተችን። አብራኝ የወጣችው ጓደኛዬ ግን፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ናትና ብርድም ችግርም አያስደነግጣትም፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ትስቅ ነበር።

«አይዞሽ» አለችኝ። «ስንት ዓመት የሰው አልጋ አነጠፍን። አሁን ደግሞ መንግሥት ለእኛ ያንጥፍ።»

እውነትም አነጠፈ። አንኢምፕሎይመንት፣ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ድጎማ፣ በየሁለት ሳምንቱ በፖስታ ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያውን ቼክ ይዤ ባንኩ በር ላይ ደርሼ መግባት አቃተኝ። ያልሠራሁበት ገንዘብ ነው። ከጎኔ ልጄ እጄን ይዛ ቆማለች። ጫማዋን አየሁት፤ ጠቧታል። ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቼኩ በመጣ ቁጥር ፖስታውን ሳልከፍት አማትብ ነበር። ያ ገንዘብ አኖረን። ከዚህ በታች የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ፤ የተሰጠኝን አላማርርም።

ያን ጊዜ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ አዲስ አበባ ነው። ዲቪ ሲደርሰኝ አላገባሁም ነበርና ብቻዬን መጣሁ። ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ሄጄ ተጋባን። በቁርባን ነው የተጋባነው። እሱ እንጨት ሠሪ ነው፤ በርና ቁም ሣጥን ይሠራል። አርግዤ ተመለስኩና ሆዴ ሳይገፋ ማመልከቻውን አስገባሁ። ግሪን ካርድ ያላት ሴት ባሏን ስትጠይቅ ወረፋ አለው፤ ወረፋውም ዓመታት ነው። ልጄ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ እንደውልለታለን። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጮህበታለች፤ አገር ሩቅ ስለሆነ ካልጮኸች የማይሰማት ይመስላታል።

«እስከ ምን ደርሰሻል?» ይላታል ሁልጊዜ።

«እስከ በሩ እጀታ!»

«የየትኛው በር? የበር እጀታ እኮ እንደ ሠሪው ነው።»

ትስቃለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ መጥቶ በዓይኑ እንዲለካት።

ታክሴን የሚሠሩልኝ አንድ ጋሼ ነበሩ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ ከሚሸጥ ሱቅ ጀርባ ጠባብ ክፍል አለቻቸው። አገር ቤት የባንክ ሰው ነበሩ። ከጥር ጀምሮ ወረፋው እስከ ሱቁ በር ይደርሳል፤ ወረቀታችንን በፌስታል ይዘን ከበርበሬው ከረጢት ጎን እንቀመጣለን። አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም «ይማርህ» ይላል። ተራ ሲደርስ ስለ ገቢ ብቻ አይጠይቁም። ስለ እናት፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ልጅ ጥርስ ይጠይቃሉ። የኢሚግሬሽን ፎርምም ይሞላሉ። ሰው ወደ እሳቸው የሚሄደው ዋጋቸው ዝቅ ስላለ ብቻ አልነበረም፤ በእሳቸው ፊት ማንም ድህነቱን በእንግሊዝኛ ማስረዳት የለበትም።

የአንኢምፕሎይመንቱን ወረቀት ስሰጣቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኼም ገቢ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መንግሥት የሰጠኝ እኮ ነው።»

«መንግሥት እንደ አማት ነው ልጄ። የሰጠሽን ይቆጥራል።»

የሆቴሉን ደሞዝና አንኢምፕሎይመንቱን ደምረው ሁሉንም ገቢ ብለው ጻፉት። ፈረምኩ፤ አመሰገንኩ፤ ወጣሁ። ስለዚያ ወረቀት ደግሜ አስባለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

በክረምቱ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመን ሳለ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ታክስሽን ያንን ሽማግሌ ነው ያሠራሽው?»

«አዎ።»

«አንኢምፕሎይመንትሽን በሙሉ ታክስ አደረጉት?»

«አዎ። ገቢ ነው አሉኝ።»

«ወይኔ! አንቺ ቅድስት፣ ሕጉ እኮ ተቀይሯል። የመጀመሪያው ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር አይነካም። ለዚያ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። እኔ ታክሴን ያሠራሁበት ቦታ ያለው ልጅ ነው የነገረኝ። ሂጂና አሜንድ ያድርጉልሽ፣ ያስተካክሉት፤ ሪፈንድ አለሽ፣ የሚመለስልሽ ገንዘብ።»

«እሳቸውን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ተሳስተዋል ልበላቸው?»

«አትበያቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ዝም በይ። አንቺ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ።»

እንዳለችው አደረግሁ። ጋሼ ወረቀቱን አዩ፤ ኮምፒውተሩን አዩ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«ከልማድ ነው» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ገቢ ሲባል የማውቀውን ጻፍሁ። ይቅር በዪኝ ልጄ።»

«ምንም አይደለም ጋሼ። እግዜር ያስተካክለዋል።»

«እሱን አታድክሚው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

የማስተካከያውን ፎርም በነፃ ሠሩልኝ። አምዶቹን በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። እዚህ ጋ መጀመሪያ ያልነው፣ እዚህ ጋ ልዩነቱ፣ እዚህ ጋ ትክክለኛው። «ሕጉ ያንን ገንዘብ ገቢ አይደለም ይላል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ባንኩ በር ላይ ያስቆመኝ ነገር ስም ያገኘ መሰለኝ። ገቢ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ፒኮ መንገድ ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ከተትሁትና አማተብሁ።

ገንዘቡ ከመስቀል በኋላ መጣ። ትልቅ አልነበረም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነበር። ከፊሉ የዘገየ ኪራይ ከፈለ። ለልጄ ጫማ ገዛሁ። የቀረውን ለባሌ ላክሁለት፤ የቪዛው የሐኪም ምርመራ ይከፈልበታልና። ወረፋው ደርሶት ነበር። በድንገት ነው የደረሰው፤ ለዓመታት እንደ ኤሊ የሄደው ተራ በዚያ ዓመት ሮጠ። ጓደኛዬ ጌታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰጠሽ አለችኝ። እኔም እንደዚያ አምኜ ነበር።

የቀረው የስፖንሰር ፎርም ብቻ ነበር። የሚመጣውን ሰው አበላዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ፣ በመንግሥት ላይ ሸክም አይሆንም ብሎ መፈረም ነው። አገር ቤት ዋስ እንደምንለው ማለት ነው። ለሦስት ሰው፣ ለእኔ፣ ለልጄና ለባሌ የሚበቃ ገቢ እንዳለኝ ማሳየት አለብኝ። እኔ በዚያ ጊዜ ያለኝ ሥራ አንዲት አሮጊት ቤት በሳምንት ጥቂት ቀን መዋል ነበር፤ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒቷን መስጠት። ከዚያ የማገኘው አይበቃም። ጋሼ ግን አይዞሽ ብለውኝ ነበር። «ያለፈው ዓመት ታክስሽ ያሳልፍሻል። ሳስበው ለጥቂት ነው፤ ግን ያሳልፍሻል።»

የፎርሙ ቀን ጓደኛዬ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ሱቁ ውስጥ ወረፋ የለም፤ የታክስ ወቅት አይደለም። ጋሼ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ የመጀመሪያውንና የተስተካከለውን። ካልኩሌተሩን ነኩት። ደግመው ነኩት። ከዚያ ካልኩሌተሩን ገለበጡት፤ በሆዱ አስተኙት።

«ምነው ጋሼ?» አለቻቸው ጓደኛዬ።

«የመጀመሪያው ያልፋል» አሉ። «ሁለተኛው አያልፍም።»

አልገባኝም። አስረዱኝ። ያ የተቀነሰው ገንዘብ ከታክሱ ብቻ አይደለም የተቀነሰው፤ ከገቢዬም ነው። ሕጉ ገቢ አይደለም ካለ፣ ባሌን ለማምጣትም ገቢ አይደለም። ለጥቂት የሚያልፈው፣ ለጥቂት ወደቀ።

ከፊት ለፊት ባለሱቁ ለአንድ ሰው ምስር ሲመዝን ይሰማል።

«ሶ ምን ችግር አለው?» አለች ጓደኛዬ። «የመጀመሪያውን እንልካለን። ሁለቱም የእሷ ናቸው። ሁለት ቀሚስ ያላት ሴት ሠርግ ስትሄድ የተቀደደውን አትለብስም።»

ጋሼ አልሳቁም። «እኔ አድርጊ አልልሽም» አሉኝ። «አታድርጊም አልልሽም። ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚያገናኘው ላይኖር ይችላል።»

«ፎርሙ ምን ይላል ጋሼ?»

«የላክሽውን ግብር ኮፒ አያይዢ ይላል።»

«ያስተካከልኩ ከሆነስ?»

የተስተካከለውን ወረቀት በጣታቸው ነኩት። «እሱንም።»

«ሲፈርሙ መሐላ አለው?»

«አለው። እውነት ነው ብለሽ ነው የምትፈርሚው፤ በሕግ ፊት።»

«በሕግ ፊት ነው እንጂ በታቦት ፊት አይደለም» አለች ጓደኛዬ። «እህቴ፣ ባልሽ ነው። ቁርባንሽ ነው። እሱስ ቃል አይደለም?»

እውነቷን ነበር። ያንን ዛሬም አልክድም። ሁለት ቃል ነበረብኝ፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን ማጠፍ።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ሰባት ቀን ጾምኩ ብል ለራሴ ማጋነን ይሆናል፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እንደማንም ጾምኩ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እሳቸው ካሉኝ ደግሞ ለባሌ «አባ ናቸው ያሉኝ» እለው ነበር። በሰው ትከሻ ላይ መጣል አልፈለግሁም። ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣት መንገድ ላይ ስለ አባቷ ታወራለች። ለጓደኞቿ አባቴ በአውሮፕላን ሊመጣ ነው ብላለች። አንደኛዋ ልጅ አላመነቻትም። «ማሚ ትሙት ብዬ ምያለሁ» አለችኝ። አትማዪ አልኳት። «እውነት ከሆነስ?» አለችኝ። እውነት ቢሆንም አልኳት።

እንዲህ ያልኳት እኔ ነኝ።

ሁለቱንም ወረቀት አያይዤ ፈረምኩ። በልቤ የነበረውን እጽፈዋለሁ፤ ደፋር አልነበርኩም። እውነቱን ይዤ ከሄድኩ መንገዱን እሱ ይጠርግልኛል ብዬ ነው። እግዚአብሔር ላይ ሒሳብ ማስላቴ ነበር። ጋሼ ፖስታውን ሲያሽጉ አላዩኝም። ጓደኛዬ ወደ ቤት ስትወስደኝ ሬዲዮ ከፈተች፤ እሷ ዝም ማለት ስለማትችል ነው።

የባሌ የኤምባሲ ቀጠሮ ከገና በኋላ ነበር። ቅዳሜን አልጠበቀም፤ በዚያው ዕለት ደወለ። ድምፁ ደህና ነበር።

«ሴትዮዋ ጨዋ ናት» አለኝ። «ሰላምታም ሰጠችኝ። ወረቀቱን አየች፣ ገለበጠች፣ ተመልሳ አየች። ሚስትህ ብቻዋን አትበቃም አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እኔን እኮ በቅታኛለች አልኳት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መሳቁን ማን እንዳቆመ አላውቅም።

አንድ ዓመት ሰጥተውታል። በዓመት ውስጥ ገቢ ያለው ሰው አብሮኝ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ይመጣል። ካልሆነ ፋይሉ ይዘጋል። «አንድ ዓመት ምን አላት» አለኝ። «ያን ሁሉ ሰው ታውቂያለሽ።»

ያን ሁሉ ሰው አውቃለሁ። ግን እኛ እዚህ የምንኖረው ሁለት ኑሮ ነው። በአንዱ ሰው ቤት ይገዛል፣ ይድራል፣ ክርስትና ያነሣል፣ ሲሞት ሬሳ አገር ቤት ይልካል። በሌላው፣ ወረቀት ላይ፣ ሁላችንም የሚበላ የለንም። መጀመሪያ የጠየቅሁት የጓደኛዬን ባል ነበር። ታክሲ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ልብሱን ሳይቀይር ታክሱን አወጣልኝ። ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪናው ኪራይ ተቀንሶ ተቀንሶ ከታች የቀረው ቁጥር ከእኔም ያነሰ ነው።

«ይኸው» አለች ጓደኛዬ። «ያገባሁት ሰው ወረቀት ላይ ለማኝ ነው። ባውቅ ኖሮ ሽማግሌዎቹን እመልሳቸው ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ» አላት። ለእኔ ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እህቴ፣ በነፍሴ ቢሆን እፈርምልሽ ነበር። ነፍስ አይቀበሉም።»

ሌሎችንም ጠየቅሁ። ፓርኪንግ የሚሠሩትን፣ ሱቅ ያላቸውን። ማንም ፊት አልነሣኝም። ሁሉም ወረቀቱን እያወጣ ያሳየኝ ነበር፤ ቁስል እንደሚያሳይ ሰው።

አንድ ወረቀቱ የሚበቃ ቤት ነበር። ባልና ሚስት ናቸው፤ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። ባልየው እሺ ብሎኝ ነበር። ቀጠሮ ሰጥቶኝ ስሄድ ሚስትየዋ ብቻዋን ጠበቀችኝ። ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል። አንዱን አውርዳ አስቀመጠችኝ፤ ራሷ አልተቀመጠችም።

«እሱ እሺ ብሎሻል» አለችኝ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት። ከእኔ ስሚው።»

«እሺ እትዬ።»

«በደርግ ጊዜ አባቴ ለአንድ የጎረቤት ልጅ ዋስ ሆነ። ልጁ ጠፋ። አባቴን ወሰዱት። ዋስ የሚባል ነገር በእኛ ቤት አይነሣም። አገሩ ሌላ ነው፣ ባልሽም ሌላ ሰው ነው፤ አውቃለሁ። እጄ ግን አይሄድልኝም።»

«ይገባኛል እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ፤ እውነቱን ነገሩኝ።»

«አታመስግኚኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ተቆጣ። «ስድብ ይሻለኛል።»

ለልጄ ብላ ምግብ በዕቃ ሞልታ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ፒኮ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ዕቃው ጭኔ ላይ ትኩስ ነበር። አልተቀየምኳትም። አንድ ሰው በመሐላው ምክንያት ሌላ ሰው ሲጎዳ ምን እንደሚመስል እኔም አውቅ ነበር።

ለባሌ እውነቱን አልነገርኩትም ነበር። ማለት፣ ገቢዬ ጎደለ ብዬዋለሁ፤ እንዴት እንደጎደለ አልነገርኩትም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ እሱ ራሱ ጠየቀኝ። ልጄ አጠገባችን አልነበረችም፤ ከታች ጎረቤት ጋ ትጫወት ነበር።

«እኔ የማይገባኝ» አለኝ፣ «ያ ሽማግሌ ያሳልፋል ብለው አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

ነገርኩት። ስለ ሕጉ፣ ስለ ማስተካከያው፣ ስለ ሁለቱ ወረቀት። ያ የሐኪሙን የከፈለለት ገንዘብ ከዚያው የመጣ መሆኑን ነገርኩት። የመጀመሪያውን ብቻ ብልክ ኖሮ ሊያልፍ ይችል እንደነበርም ነገርኩት።

ስልኩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«አለህ?»

«አለሁ።» «ማንም ባላወቀ ነበር?»

«ጋሼ አይታወቅም ይሆናል ብለው ነበር።»

«አንቺ ግን ፈረምሽ።»

«መሐላ ነው። ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጊያለሽ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ለመንግሥተ ሰማያት ተዘጋጅተሻል። እኔ ቦሌ እንኳን አልደረስኩም።»

ስልኩን ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጅቷን አቅርቢልኝ» አለኝ። ከታች ጠራኋት። እየሮጠች መጣች፤ ላቧ በግንባሯ። እንደ ወትሮው ቁመቷን ጠየቃት። መለሰችለት። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፈትኩ፤ እንዳልሰማ።

ዓመቱ አለቀ። በዚያ መካከል የሠራሁት ታክስ ከቀዳሚውም ያነሰ ነበር፤ ለማሳየትም ያሳፍራል፤ ደግነቱ የሚያየው የለም። ፋይሉ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሥራ መጣ። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። አሮጊቷ አረፈች፤ ነፍሷን ይማርና ልጆቿ ለሌላ ቤተሰብ አመሰገኑኝ፤ ያም ቤት ሙሉ ቀን ሆነ። ቅዳሜና እሑድ ማታ ሌላ ቦታ ጨመርኩ። ጓደኛዬ ሎንግ ቢች መጋዘን ሥራ አግኝታ ወደዚያ ስትዛወር ነይ ብላኝ ነበር፤ ልጄን ከትምህርት ቤቷ ማንሣት ስላልፈለግሁ ቀረሁ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ጋሼ ዘንድ ስቀመጥ ቁጥሩን ደመሩና ቀና አሉ።

«አሁን ይበቃል» አሉኝ። «ያለ ማንም ይበቃል።»

ለኤምባሲው ጻፉልኝ። መልሱ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ከመጀመሪያው ማመልከት ትችያለሽ የሚል ነበር። ጋሼ አዲሱን ማመልከቻ ሞሉልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ከዚያ ማስተካከያ ጊዜ ጀምሮ ተቀብለውኝ አያውቁም። ሳስቀምጥላቸው ወደ ቦርሳዬ ይመልሱታል። ስንት ጊዜ ምንም አላጠፉም ብያቸዋለሁ። ሕጉን መጀመሪያውኑ ቢያውቁትም ወረቀቱ ያው ነበር የሚሆነው፤ ያ ገንዘብ ከመጀመሪያውም ገቢ አልነበረም። ይህንን እሳቸውም ያውቁታል። አይሰሙኝም።

«ከባልሽ ፎቶግራፍ ያስፈልገናል» አሉኝ። «አዲስ። ፓስፖርቱንም ያሳድስ።»

ቅዳሜ ደወልኩለት። እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ገቢዬ አሁን ይበቃል አልኩት። ስንት ጊዜ ይፈጃል አለኝ። ሁለት ዓመት ይሆናል አልኩት።

«ሁለት ዓመት» አለ። ከኋላው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፤ ሠራተኛ ቀጥሯል። «ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ። እዚያ መጥቼ ምን እሆናለሁ? መኪና አቆማለሁ? እዚህ የሚያውቀኝ ሰው አለ።»

«ልጅህ አለች።»

«አለች» አለ። «የማላውቃት ልጅ አለችኝ። አትቆጪ፤ እውነት ስለምትወጂ ነው የነገርኩሽ።»

አልተቆጣሁም። ፎቶግራፉን ብቻ ላክልኝ አልኩት። እሺ አለኝ።

ሳምንት ጠበቅሁ፤ ወር ጠበቅሁ። ጋሼ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ማመልከቻው መሳቢያቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁሉም ተሞልቷል፤ ፊርማዬ አለበት። በየጠዋቱ ስጸልይ አሁን አምጣልኝ አልልም። ጤና ስጠው እላለሁ፤ እንጀራውን አታጉድልበት እላለሁ። ስለ ልጄ አመሰግናለሁ፤ ስለ ቤታችን፣ ስለ ሁለቱ ሥራዎቼ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ስለመጣው ቼክ አመሰግናለሁ። ስለዚያ ፊርማ ግን ምን እንደምል አላውቅምና እዘለዋለሁ።

ቅዳሜ ይደውላል፤ አሁን የሚደውለው እሱ ነው፤ ከእኛ ይልቅ ለእሱ ረክሷል። ልጄ የእንግሊዝኛ ቃል ትቀላቅልበታለች፤ ምን ማለት ነው ይላታል፤ ትተረጉምለታለች። ስልኩን ለእኔ ስታቀብለኝ ስለ ዝናብ እንነጋገራለን፤ ስለ እንጨት ዋጋ፣ ስለ እናቱ ዓይን። እሱ ስለ ፎቶግራፉ አያነሣም። እኔም አልጠይቀውም።